ፋይሉ የት ገባ?

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከየካቲት 12 በቀር ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እሱን ካስያዝኩ በኋላ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ማርች 3 ቀን 1959 ነው። ቦታው ሆላ ይባላል። ኬንያ ውስጥ፣ ጣና ወንዝ ዳር ያለ ቆላ ነው። ኬንያም ጣና የሚባል ወንዝ አላት፤ የኛው ሐይቅ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች እዚያ ካምፕ ነበራቸው። ውስጡ ያሉት የማው ማው፣ ማለትም በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳው የኬንያ አመፅ፣ እስረኞች ናቸው። ከካምፕ ካምፕ ሲንከራተቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን "መሐላችንን አንክድም፣ ለናንተም አንሠራም" ብለው ጸንተዋል። ያን ዕለት ጠዋት ከ80 በላይ የሚሆኑት ተሰልፈው ወጡ። የመስኖ ቦይ ቆፍሩ ተባሉ። ጠባቂዎቹ ዱላ ይዘዋል። ድብደባው ሲያበቃ መሬት ላይ የወደቀው ብዙ ነበር። በጠቅላላው 11 ሰው ሞተ።

በማግስቱ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት መግለጫ አወጣ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሰዎቹ የሞቱት ከአንድ የውሃ ጋሪ ውሃ ከጠጡ በኋላ ነው፤ ከዚያው ጋሪ ሌሎቹም እስረኞች፣ ጠባቂዎቹም ጠጥተዋል።

እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ። መግለጫው "ውሃው ገደላቸው" አይልም። "ተመረዙ" አይልም። "ከጠጡ በኋላ" ነው የሚለው። ሰዎቹ ሞተዋል፣ ያ እውነት ነው። የውሃ ጋሪ ነበር፣ እሱም እውነት ነው። ዱላው ብቻ የለም። አንባቢው የቀረውን በራሱ ጊዜ ያያይዘዋል፤ የአገሩ ሙቀት፣ የቆሸሸ ውሃ፣ ምናልባት በሽታ። ይህን መግለጫ መጀመሪያ ያነበብኩት የዛሬ ብዙ ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የትም አገር የመንግሥት መግለጫ ሳነብ "በኋላ" የምትል ቃል ካየሁ ተመልሼ አነባታለሁ።

ውሸቱ ብዙ አልቆየም። አስከሬን የመረመሩት ሐኪሞች የድብደባ ምልክት አገኙ። ሞቱን እንዲያጣራ የተሾመው ዳኛ ምስክር ሰማና፣ ሰዎቹ የሞቱት በደረሰባቸው ድብደባ መሆኑን ወሰነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ። ለንደን ላይ ተቃዋሚዎቹ ጠንክረው ጠየቁ፤ በተለይ ባርባራ ካስል የምትባል የፓርላማ አባል አልለቅም አለች። መንግሥትም በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሰነዶቹን ለፓርላማ አሳተመ። ልብ በሉ፣ ያተመው "ስለ ሆላ የተዘጋጀ ሪፖርት" አልነበረም። ሰነዶቹን ራሳቸውን ነው። ከመካከላቸው አንዱ የእስር ቤቶች ሹም የነበረው ጆን ካዋን ያወጣው ዕቅድ ነው። እስረኞቹ አንሠራም ካሉ በጉልበት ወደ ሥራው ቦታ እንዲወሰዱና እንዲሠሩ እንዲገደዱ ይላል። በጽሑፍ። የበላይ አካል አይቶ ያጸደቀው ወረቀት ነው።

ያንን ወረቀት በዓይኑ ያነበበ ሰው "ጥቂት ጠባቂዎች ከቁጥጥር ወጥተው ነው" ቢሉት አይቀበልም። የፓርላማው ክርክር የተካሄደው ጁላይ 27 ሌሊት ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አንድ የገዥው ፓርቲ አባል ተነሳ፤ ኢኖክ ፓወል። አፍሪካ ውስጥ የአፍሪካ መለኪያ፣ እስያ ውስጥ የእስያ መለኪያ፣ እዚህ አገራችን ደግሞ የእንግሊዝ መለኪያ ልንል አንችልም አለ። ኃላፊነቱ ወደ ላይ መውጣት አለበት አለ። ይህ ሰው የአፍሪካውያን ወዳጅ ተብሎ የሚታወቅ አይደለም። ከ9 ዓመት በኋላ በስደተኞች ላይ ባደረገው ንግግር ነው ስሙ የቀረው። ግን ፋይሉን አንብቦ ነበር። ሰነድ ፊት ለፊት ሲቀርብ የማይጠበቀውን ሰው እንኳ ያናግራል።

ለዚህ ድርጊት ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው የለም። ይህንንም ሳልናገር አላልፍም።

እንግዲህ በዚያው ቀን፣ ማርች 3 ቀን 1959፣ ኒያሳላንድ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዛሬዋ ማላዊ ማለት ነው። የአገሩ የነጻነት ትግል መሪ ሄስቲንግስ ባንዳ በሌሊት ተይዞ ወደ ደቡብ ሮዴዥያ ተወሰደ። ከ50 በላይ አፍሪካውያን ተገደሉ፤ ንካታ ቤይ በሚባለው የሐይቅ ወደብ ብቻ 20 ሰው። የመንግሥት ምክንያት "ነጮችን ለመጨፍጨፍ የተጠነሰሰ ሤራ አግኝተናል" የሚል ነበር። ለንደን አጣሪ ኮሚሽን ላከች። ሰብሳቢው ፓትሪክ ዴቭሊን የሚባል ዳኛ ነበር። ዴቭሊን አገሩን ዞሮ በመቶ የሚቆጠሩ ምስክሮችን ሰማ። የግድያ ሤራ የተባለው አልነበረም አለ። ኒያሳላንድም፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ የፖሊስ አገር ሆናለች ብሎ ጻፈ።

መንግሥት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሪፖርቱን አልደበቀም። አሳተመው። ግን ረቂቁ ቀድሞ እጁ ገብቶ ስለነበር፣ ከአገረ ገዥው ከሮበርት አርሚቴጅ ጋር ሆኖ መልስ አዘጋጀና ሁለቱን በአንድ ቀን አወጣቸው። የዴቭሊን ሪፖርት 814 ቁጥር ይዞ ወጣ፣ የአገረ ገዥው መልስ 815። ጎን ለጎን። ጋዜጠኛው አንዱን አንብቦ ሳይጨርስ ማርከሻው ተሰጠው። ፓርላማው ውስጥ አብላጫ ድምፅ የነበረው መንግሥት ነው፣ ድምፁንም አገኘ። እንግዲህ በወረቀት ደረጃ ካየነው ይህ ግልጽነት ነው። ሪፖርቱ ታትሟል፤ ማንም ገዝቶ ማንበብ ይችላል። ሆኖም እንዲታይ ሳይሆን እንዲታለፍ ነው የታተመው። ያም ሆኖ "የፖሊስ አገር" የምትለዋን ቃል መልሶ ማንሳት አልተቻለም። አንዴ በዳኛ እጅ ተጽፋለች። ባንዳ በሚቀጥለው ዓመት ተፈታ። በ1964 ማላዊ ነጻ ወጣች።

ወደ ኬንያ ልመለስ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1960፣ ስለ ማው ማው አንድ ትልቅ ይፋዊ ሪፖርት ወጣ። ያዘጋጀው ኮርፊልድ የሚባል የቀድሞ የቅኝ ግዛት ሹም ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ከ300 ገጽ ያልፋል። እኔ ይህን ሪፖርት ያነበብኩት ብዙ ጠብቄ ነበር። ስለ ካምፖቹ ይናገራል ብዬ ነበር የገመትኩት። ሪፖርቱ ግን የማው ማውን አነሳስና እድገት ሲተርክ ቆይቶ የኬንያው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደጃፍ ላይ፣ ኦክቶበር 1952 ላይ ያቆማል። ካምፑ ከዚያ በኋላ ነው። ስቅላቱ ከዚያ በኋላ ነው። ኦፕሬሽን አንቪል ብለው ናይሮቢን ከበው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የለቀሙት በ1954 ነው። ሪፖርቱ ጥፋቱን በኋላ የኬንያ መሪ በሆነው በጆሞ ኬንያታና በጓደኞቹ ላይ ጭኖ፣ የመንግሥት ተራ ሊደርስ ሲል መጽሐፉ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልበል። መንግሥት ስለ አመፅ ሪፖርት ሲያወጣ መጀመሪያ ገጽ 1ን አታንብቡ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ የትኛው ቀን ላይ እንደሚያቆም እዩ። ማን ወሰነው በሉ። የተቀረው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ለመሆኑ በኬንያው የአስቸኳይ ጊዜ ምን ያህል ሰው ሞተ? በይፋው ቁጥር የተገደሉት የማው ማው ተዋጊዎች 11,503 ናቸው። የተገደሉት ነጭ ሰፋሪዎች 32። በካምፕ የታጎረው፣ እሱም በይፋው ቁጥር፣ 80 ሺህ ገደማ ነው። የኬንያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የተገደለውን፣ የተሰቃየውንና አካሉ የጎደለውን አንድ ላይ 90 ሺህ፣ የታሰረውን 160 ሺህ ያደርሰዋል። ልዩነቱን እዩት። በስቅላት የተቀጡት ግን በትክክል ይታወቃሉ፤ 1,090 ናቸው። ይህኛው ለምን ተለይቶ ታወቀ? ዴቪድ አንደርሰን የሚባለው የታሪክ ምሁር የፍርድ ቤት መዝገቦችን አንድ በአንድ ገልጦ ስለቆጠረ ነው። መዝገቡ ነበራ! መዝገብ ያለበት ቦታ ቁጥር አለ። መዝገብ የሌለበት ቦታ ግምት ነው፣ ክርክር ነው።

ታዲያ የሌላው መዝገብ የት ገባ?

በ1961 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ኢየን ማክላውድ ነጻ ሊወጡ ለተቃረቡት ግዛቶች መመሪያ ላከ። ለሚመጡት መንግሥታት የማይተላለፈው ወረቀት የትኛው እንደሆነ ይዘረዝራል። የግርማዊቷን መንግሥት ሊያሳፍር የሚችል፤ ፖሊስን፣ ወታደርን፣ ሠራተኛን፣ ጠቋሚን ሊያሳፍር የሚችል። "ሊያሳፍር" ነው ቃሉ። ከዚያ ፋይሎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ለአፍሪካውያኑ የሚቀረውና የማይቀረው። የማይቀረው ላይ ቀይ የ"ደብልዩ" ማህተም ተመታበት። ይህን ማህተም የያዘ ፋይል እንዲነካ የሚፈቀድለት የአውሮፓ ዘር ያለው እንግሊዛዊ ሹም ብቻ ነው። ስለ ማቃጠሉም መመሪያ አለ። ወረቀቱ አመድ እስኪሆን ይቃጠል፣ አመዱም ይሰባበር ይላል። ውሃ ውስጥ የሚጣል ከሆነ ክብደት በታሰረበት ሣጥን ተደርጎ፣ ከባሕር ዳር በተቻለ መጠን ራቅ ብሎ፣ ጥልቅና የውሃ ጅረት የሌለበት ቦታ ይጣል።

አመዱ ይሰባበር! ሰው የሚያፍርበት ነገር ከሌለው አመድ እንዲሰባበር አያዝም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆጨኝ ማቃጠሉ ብቻ አይደለም። ምን ያህል አስበውበት እንደሠሩት ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚናገር ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ያልተቃጠለው በ1963 መጨረሻ፣ ኬንያ ነጻ ልትወጣ ስትል፣ በአውሮፕላን ተጭኖ ሄደ። የኬንያ መንግሥት በ1967 መልሱልን ብሎ ጠየቀ። አልሰጡትም።

ልጆች ሳለን "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እየተባልን አደግን። በዚህ ጉዳይ ግን እውነቱ ሲያድር አልጠራም። ሰው አጠራው። ዕድሜያቸው የገፋ ኬንያውያን ናቸው ያጠሩት። በ2009 አምስት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የእንግሊዝን መንግሥት ለንደን ላይ ከሰሱ። በካምፕ ውስጥ ምን እንደተፈጸመባቸው እዚህ አልዘረዝርም፤ ልጆችም ተቀምጠዋል። አንደኛው ከሳሽ ሆላ ላይ ራሱን እስኪስት ተደብድቦ የተረፈ ሰው ነበር። ከከሰሱ በኋላ ካሳ ሳይታይ አንዷ አሮጊት አረፉ።

መንግሥት የተከራከረው ድርጊቱ አልተፈጸመም ብሎ አልነበረም። ኃላፊነቱ በ1963 ከነጻነት ጋር ለኬንያ መንግሥት ተላልፏል አለ። በኋላም ጊዜው አልፏል፣ ምስክር ሞቷል፣ ፍትሐዊ ክርክር ማድረግ አይቻልም አለ። ምስክር ሞቷል ያለው ወገን ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል። አንደርሰን በ2010 መጨረሻ ለፍርድ ቤቱ የምስክርነት ቃል ሰጠ። ከናይሮቢ የወጡ 1,500 ያህል ፋይሎች፣ 300 ገደማ ሣጥን፣ የት ገቡ ብሎ ጠየቀ። በቁጥር ነው የጠየቀው። "አንዳንድ ሰነዶች" ቢል ኖሮ "አንዳንዱን ፈልገን አጥተናል" ይሉት ነበር። በቁጥር ስለጠየቀ በጃንዋሪ 2011 ተገኙ። ሀንስሎፕ ፓርክ በሚባል፣ በከፍተኛ ጥበቃ ስር ያለ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግቢ ውስጥ ነበሩ። የኬንያ ብቻም አልነበረም። የ37 የቀድሞ ግዛቶች፣ 8,800 ገደማ ፋይል።

ለምን ተደበቀ ተብሎ ውስጥ ለውስጥ ተጠና። ያጠናው አንቶኒ ኬሪ የቀድሞ ዲፕሎማት ነው። የሚኒስቴሩ ሠራተኞች ፋይሎቹ ተራ የአስተዳደር ወረቀቶች ናቸው የሚለውን የቀድሞዎቹን ቃል መቀበሉ ሳይመቻቸው አልቀረም፤ በሌላ በኩል ደግሞ እንደ አንድ የጥፋተኝነት ምስጢር ያዩዋቸው ነበር አለ።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ የቤቱን ጉዳይ ለማስጨረስ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስኩ። ስሙን አልጠራም። "ፋይሉ የለም" አሉኝ። ነገ ና አሉኝ። ሰኞ ና አሉኝ። ክረምቱ አለቀ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ተላላኪ ኮሪደር ላይ ያዘኝና "ጋሼ፣ ምድር ቤት ያለውን ቁም ሣጥን አስከፍተዋል?" አለኝ። አላስከፈትኩም። አስከፈትኩት። ፋይሉ ከላይ ሦስተኛው ነበር። አቧራውን ጠረግሁት። አባቴ በሰማያዊ ቢክ የፈረመበት ማመልከቻ ውስጡ አለ፤ ስሙን ሲጽፍ ሁልጊዜ የመጨረሻዋን ፊደል ጎትቶ ያስረዝማት ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ማንም ሆን ብሎ አልደበቀውም ይሆናል። ግን "የለም" ያለኝ ሰው ተነስቶ አልፈለገም። "የለም" እና "አልፈለግንም" ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ባለጉዳይ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ አለበት። ያንን የተማርኩት ከምርምር ሳይሆን ከዚያ ምድር ቤት ነው።

ከኬንያው ወረቀት መካከል ዓለም ያወቀው አንድ ደብዳቤ አለ። የኬንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ግሪፊዝ ጆንስ ጁን 1957 ላይ ለአገረ ገዥው ለኤቭሊን ባሪንግ የጻፈው ነው። እስረኛ ሲመታ ጉበቱ፣ ጣፊያውና ኩላሊቱ መመታት የለበትም ይላል። የሚደበድበው ሰውም ረጋ ያለ፣ ስሜቱን የገታ መሆን አለበት ይላል። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ኃጢአት የምንሠራ ከሆነ፣ በዝምታ መሥራት አለብን።" የሕግ ሰው ነው ይህን የጻፈው። ከሆላ 2 ዓመት ገደማ በፊት። እንግዲህ የውሃ ጋሪውን መግለጫ መለስ ብላችሁ አስቡት። ያ መግለጫ በድንጋጤ የተጻፈ አይደለም። ዝምታው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ለከሳሾቹ በሩን ከፈተ። ዳኛ ማኮም በ2012 የሰነዱ ብዛት ራሱ ፍትሐዊ ክርክር ማድረግ ያስችላል በሚል የጊዜ ገደቡን ክርክር ውድቅ አደረገው። መደበቂያ የነበረው ሣጥን ማስረጃ ሆነ። ጁን 6 ቀን 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ፣ ኬንያውያን በቅኝ ግዛቱ አስተዳደር እጅ ስቃይ እንደተፈጸመባቸው አመነ። መንግሥታቸው ከልብ እንደሚያዝን ተናገረ። ለ5,228 ሰዎች የ19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ስምምነት ተደረገ። የሕግ ኃላፊነቱን ግን አሁንም አንቀበልም አሉ። ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ መታሰቢያ በ2015 ቆመ። ፋይሎቹም ቀስ በቀስ፣ ከ2012 እስከ 2013፣ ለንደን ኪው ላለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተለቀቁ። ዛሬ ማንም ሰው መታወቂያ አሳይቶ ማየት ይችላል።

ይህ ሁሉ ለኛ ሩቅ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አርበኞቻችን በጣልያን ወረቀት ላይ "አማፂ" ናቸው፣ "ሽፍታ" ናቸው። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ ወደ ደብረ ሊባኖስ እጁን አነሳ። ስንት መነኩሴና ዲያቆን እንዳስረሸነ ለሮም በቴሌግራም አሳወቀ። የሱ ቁጥር ተደምሮ 449 ነው። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ ፍትሕ ሚኒስቴር ቴሌግራሞቹን ሰብስቦ በ1949 አሳተማቸው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አቅም! እኔ ይህን ሥራ እጅግ አድርጌ አከብራለሁ። ጠላት በራሱ እጅ የጻፈውን አደባባይ ማውጣት ነውና።

ደግሞ ይህ ቴሌግራም ሌላም ነገር ያስተምራል። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ወደ ቦታው ሄደው፣ ያዩትን አዛውንቶች ጠይቀው፣ በደብረ ሊባኖስ የተገደሉት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ጻፉ። ግራዚያኒ 449 ብሎ ነበር። እና ፋይልም ይዋሻል። ፋይል ወንጀሉ መፈጸሙን እንዳይካድ ያደርጋል፤ ስንት ሰው እንደሞተ ለማወቅ ግን የአገር ሽማግሌ ጋ መሄድ ግድ ነው። ፋይሉን አሳዩን ስል ፋይሉ ይበቃናል ማለቴ አይደለም።

የመርዝ ጋዙን ነገርም አንሱ። አባቶቻችን ተቃጥለው፣ ቆዳቸው ተላጦ ነገሩን ተናግረዋል። ጃንሆይም ጄኔቫ ድረስ ሄደው ተናግረዋል። የጣልያን የመከላከያ ሚኒስትር በይፋ ያመነው ግን በ1996 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። እዚያም ቢሆን መንግሥት ከእንቅልፉ ነቅቶ አልተናዘዘም። አንጄሎ ዴል ቦካ የሚባለው የታሪክ ሰው ለአሥርተ ዓመታት ሲጽፍ፣ ሲሰደብ፣ ሰነዱን ክፈቱ ሲል ኖሮ ነው።

አንድ የማይመች ነገርም ልናገር። መዝገብ እንዲዘጋ የሚፈልገው ቅኝ ገዥው ብቻ አይደለም። ማው ማው በቅኝ ገዥዎቹ የታገደው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኬንያ በ1963 ነጻ ወጣች። እገዳው የተነሳው በ2003 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በነጻ አገራቸው፣ የታገሉበት ድርጅት በሕግ ክልክል ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው። ከቅኝ ገዥው ጎን የቆመው ሰው ነጻነት ሲመጣ ሹመት አግኝቷል፣ መሬትም አግኝቷል። ማን ማንን ጠቆመ የሚለው በቀዩ ማህተም ፋይል ውስጥ አለ። ፋይሉ እንዲከፈት የማይፈልግ ሰው ለንደንም ናይሮቢም ነበር።

በዚያው በ2003 ደግሞ የኛንም አገር የሚነካ ነገር ሆነ። ስታንሊ ማቴንጌ የሚባል የማው ማው የጦር አዛዥ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጫካ ውስጥ ጠፋ። ተከታዮቹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ የሚል ወሬ ለአሥርተ ዓመታት ተወራ። በ2003 አንድ የኢትዮጵያ አዛውንት ገበሬ "ማቴንጌ እሱ ነው" ተብለው ናይሮቢ ተወሰዱ። እንደ ጀግና ተቀበሏቸው። ሽማግሌው ኪኩዩኛ አይናገሩም። በኋላ የዘረመል ምርመራ ተደረገ፤ ሰውየው ማቴንጌ አይደሉም። ጋዜጦቹ ብዙ ተሳለቁበት። እኔን ግን አሳዘነኝ። የማቴንጌ ቤተሰብ ለግማሽ ምዕተ ዓመት አንድ ወረቀት አላየም። ተገደለ የሚል የለም፣ ተያዘ የሚል የለም፣ ተሻገረ የሚል የለም። ሰው በእንዲህ ያለ ባዶ ውስጥ ሲኖር የሰው አገር ሽማግሌ ፊት ላይ ወንድሙን ቢያይ አይፈረድበትም።

ስለዚህ መንግሥታት ሰነድ ሊከፍቱ ነው ሲባል እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው። የተቃጠለው ዝርዝር የት አለ? እንግሊዞቹ ያቃጠሉትን ሲያቃጥሉ ማስረጃ እንዲፈረምበት አዝዘው ነበር። የነበረው ስንት ነው፣ የቀረው ስንት ነው? ጥቁር ቀለም የተቀባበት ገጽ ለምን እንደተቀባ ማን ፈረመ? እነዚህን ስትጠይቁ አሰልቺ ሰው ትባላላችሁ። ይሁን። አንደርሰን ሣጥን ቆጥሮ ባይጠይቅ ኖሮ እነዚያ አዛውንቶች ለንደን ላይ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

የመጨረሻውን ነግሬያችሁ ልቀመጥ። ዴዳን ኪማቲ የማው ማው መሪ ነበር። በኦክቶበር 1956 ቆስሎ ተያዘ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 ማለዳ ካሚቲ እስር ቤት ውስጥ ተሰቀለ። እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ምልክት ቀበሩት። ባለቤቱ ሙካሚ ኪማቲ ራሷም የካሚቲ እስረኛ ነበረች። ናይሮቢ መሐል ከተማ በ2007 ሐውልቱ ሲቆም ነበረች። ከፕሬዚዳንት ፕሬዚዳንት እየዞረች የምትለምነው ግን ሐውልት አልነበረም። አጥንቱን ስጡኝና እንደ ሰው ልቅበረው ነበር የምትለው። መቃብሩ ከግቢው በየትኛው ጥግ እንደሆነ በቅጡ የጻፈ አንድ ወረቀት ይበቃት ነበር። ከ66 ዓመት በኋላ፣ ሜይ 2023፣ አረፈች። ወረቀቱ አልመጣላትም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ነው።